የእንጨት ዮዮ፦ ክርና ዘንግ የሚሟገቱበት ንድፍ

በአሁኑ ጊዜ የሚሠራ ጥሩ የአሉሚኒየም ዮዮ አንድ ጊዜ በኃይል ከተወረወረ በክሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። መሃሉ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ኩሽኔታ ሰበቃውን ከቁጥር እስከማይገባ ድረስ ስለምትቀንሰው፣ ተጫዋቹ ክሩን ሲያጥፍ፣ ሲያቋልፍና ሲፈታ ዮዮው በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ዘንጉ እንጨት የሆነ ዮዮ ይህን ትዕግሥት አያውቅም። የሠለጠነ እጅ ቢወረውረው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 10 ወይም 15 ሰከንድ፣ ሲበዛ ከ20 ትንሽ ያለፈ ነው። ከዚያ ወይ ወደ እጅ ይመለሳል፣ ወይ በክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በሰዓት በሚለካው ነገር ሁሉ የእንጨቱ ዮዮ ተሸናፊ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬም ቶርኖ ላይ ቆመው አንድ በአንድ የሚሠሩት ባለሙያዎች አሉ፤ ገዢም አላጡም። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ባለ ኩሽኔታውን ጠንቅቀው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ነገሩን «የድሮ ናፍቆት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ለእኔ ግን ይህ መልስ አይበቃኝም። የእንጨቱን ዮዮ የንድፍ ታሪክ ከመነሻው ስንከተለው ሰዎች ሲያሻሽሉት የኖሩት የመሽከርከሪያውን ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ እናያለን። ሲያስማሙ የኖሩት ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ነው፤ ክሩ ዘንጉን እንዲለቀው፣ ያው ክር ዘንጉን መልሶ እንዲይዘው። ኩሽኔታው ይህን ሙግት ለአንደኛው ወገን ፈረደና ዘጋው። እንጨት ሠሪዎቹ ደግሞ መዝገቡን እንደገና ከፈቱት።

መጀመሪያ አሠራሩን እናንሣ። ዮዮ ማለት ሁለት ክብ ጎኖች፣ እነሱን የሚያገናኝ አጭር ዘንግ እና በዘንጉ ላይ የሚጠመጠም ክር ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቋሚ ዘንግ የሚባለው ዘንጉ ከጎኖቹ ጋር ተያይዞ አብሯቸው ሲዞር፣ በእርሱና በክሩ መካከልም የሚንከባለል አካል ሳይኖር ሲቀር ነው። ክሩ በቀጥታ እንጨቱን ይነካል፤ እንጨቱም ክሩን ይፍቃል። ታሪኩ በሙሉ የሚካሄደው በዚህች ከጣት ጥፍር ባነሰች ቦታ ላይ ነው።

ያልታሰረው ክር

የመጫወቻው ዕድሜ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከተሳሉ የግሪክ ጽዋዎች መካከል፣ አንድ ልጅ በክር የተንጠለጠለ ክብ ነገር ሲያጫውት የሚያሳይ ሥዕል ያለበት አንዱ ዛሬ በርሊን ውስጥ ይገኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ፋሽን ሆኖ ነበር፤ እንግሊዞቹ ባንዳሎር ይሉት ነበር። በ1866 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ሁለት ሰዎች ባንዳሎሩን አሻሽለናል ብለው የባለቤትነት መብት አወጡ። ማሻሻያቸው ሁለቱን ጎኖች በመሃል አጣብቆ የሚይዝ ሪቬት፣ እንዲሁም ጠርዛቸው ወፈር ያለ ጎኖች ነበር። ክብደትን ወደ ጠርዝ መግፋት የዘመናችን ግኝት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያዩ ይገርማቸዋል።

ነገር ግን በእነዚያ የአውሮፓና የአሜሪካ መጫወቻዎች ክሩ ከዘንጉ ጋር የታሰረ ነበር። የታሰረ ክር ያለው ዮዮ መውረድና መውጣት ብቻ ይችላል። ክሩ ተፈትቶ ሲያልቅ ዘንጉ መዞሩን ስለማያቆም ክሩን በተቃራኒው በኩል ይጠመጥመዋል፤ ዮዮውም ወደ ላይ ይወጣል። ታች ላይ ልቆይ ቢል እንኳ ቋጠሮው አይፈቅድለትም።

በፊሊፒንስ ግን ሌላ አሠራር ነበር። እዚያ ዮዮ የታወቀ መጫወቻ እንደነበረ በ1916 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሳይንስ መጽሔት ስለ አገሪቱ መጫወቻዎች ባወጣው ጽሑፍ ላይ ተመልክቷል። (የፊሊፒንስ አዳኞች ዛፍ ላይ ተቀምጠው አውሬ የሚፈነክቱበት የጦር መሣሪያ ነበር የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይደጋገማል። ማስረጃ የለውም። ለሻጮች ግን ጥሩ ተረት ነው።) በዚህ አሠራር ክሩ ከዘንጉ ጋር አይታሰርም። አንድ ረጅም ክር ለሁለት ታጥፎ ይከረራል፤ የታጠፈበት ጫፍ በጣት ፈታ ይደረግና ዘንጉን እንደ ቀለበት ይከብበዋል። በቃ፣ ቋጠሮ የለም። ዮዮው ወርዶ ክሩ ሲያልቅ ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ እየተንሸራተተ መዞሩን ይቀጥላል። ተጫዋቾች ይህን «መተኛት» ይሉታል። ተጫዋቹ እጁን ትንሽ ሳብ ሲያደርግ ቀለበቱ ዘንጉን ይጨብጠዋል፤ የተኛው ይነቃል።

ይህን አሠራር ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው በፊሊፒንስ ኢሎኮስ ኖርቴ፣ ቪንታር በምትባል ቦታ የተወለደው ፔድሮ ፍሎሬስ ነው። በ1928 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የዮዮ ማምረቻ ድርጅት አቋቋመ። ሥራው እንዴት እንደፈነዳ ለመገመት ያህል፣ በ1929 መጨረሻ ድርጅቱ 600 ያህል ሠራተኞች እንደነበሩትና በቀን 300,000 ዮዮ እንደሚያመርት ይነገራል። ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱንና ስሙን ነጋዴው ዶናልድ ደንከን ገዛው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከፊሊፒንስ የመጡ ጎበዝ ተጫዋቾች ለደንከን እየሠሩ ከከተማ ከተማ ዞሩ። በየመደብሩ ደጃፍ ትርዒት ያሳያሉ፤ ከዚያም ሰንጢ አውጥተው ልጁ በገዛው ዮዮ ጎን ላይ የዘንባባ ዛፍና የባለቤቱን ስም ይቀርጻሉ። በእጅ ተቀርጾ የተረፈ እንዲህ ያለ የድሮ ዮዮ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ዕቃ ነው።

ለእኔ በዚህ መጫወቻ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉ ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ኩሽኔታው እንኳ ከእርሱ ቀጥሎ ይመጣል። ሆኖም እንጨቱ አልተነካም፣ ቅርጹም አልተለወጠም። የተለወጠው የክር አጣጣል ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን የዮዮ ሠሪ ሥራ ከባድ ሆነ። ቀድሞ ዮዮው ሚዛኑን ከጠበቀ ይበቃው ነበር፤ አሁን ዘንጉ ክሩን በልኩ መልቀቅም በልኩ መያዝም አለበት።

ቀጭኑ ዘንግና ሂሳቡ

ዮዮው ተኝቶ ሲሽከረከር የሚያደክመው በክሩና በዘንጉ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ይህ ሰበቃ ዮዮውን ለማቆም ያለው ጉልበት ከዘንጉ ውፍረት ጋር አብሮ ያድጋል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ የዘንጉን ውፍረት በግማሽ ብንቀንሰው አቋሚው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል፤ የመተኛቱ ጊዜም እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ለምን ዘንጉን እንደ ክብሪት እንጨት አያቀጥኑትም?

ምክንያቱም እንጨት ነው። የአንድ ክብ ዘንግ የመታጠፍ ጥንካሬ ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 8 ሚሊሜትር የነበረውን ዘንግ 4 ያደረገ ሠሪ እጥፍ የመተኛት ጊዜ ያገኛል፤ ዮዮው መሬት በነካ ቁጥር ግን ምቱን የሚችለው በቀድሞው ጥንካሬ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። የእንጨት ዮዮ ዘንጎች ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ሲመላለሱ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ቀጭን ዘንግ ክሩን መልሶ ለመጠምጠም ሰነፍ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚሰበስበው ክር ትንሽ ስለሆነ ዮዮው ወደ እጅ የሚመለሰው እየጎተተ ነው። ወፍራም ዘንግ ግን ክሩን ቶሎ ይውጠዋል፤ ዮዮው መዳፍን ጠፍ አድርጎ ይገባል። እጅ ላይ ያለውን ስሜት በሰዓት ከሚለካው የሚያስበልጥ ተጫዋች ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል።

ሁለቱን ጎኖች የሚለየው ክፍተትም እንዲሁ ሁለት ጌታ የሚያገለግል ነው። ጠበብ ካለ የተጠመጠመው ክር የጎኖቹን ውስጣዊ ገጽ እየታከከ በቀላሉ ይያዛል፤ ዮዮው ትንሽ ንክኪ ሲሰማው ይመለሳል። ሰፋ ካለ ክሩ ሳይታከክ ዮዮው ይተኛል፤ ተመለስ ሲባል ግን ይለግማል። በእጅ በሚሠራ ዮዮ ላይ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ጠባይን ሙሉ በሙሉ ይለውጣል። አንድ ዓይነት በሚመስሉ ሁለት ዮዮዎች መካከል አንዱ ለማዳ፣ ሌላው አመለኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከዚህች ክፍተት የተነሣ ነው።

ክሩም የንድፉ አካል ነው። በእንጨት ዘንግ ላይ የሚታሰበው የጥጥ ክር ብቻ ነው። ዮዮው ሲተኛ ቀለበቱ ያለበት ቦታ ስለሚግል ፖሊስተር የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ቀልጦ ይበጠሳል፤ ጥጥ ግን ጠቆር ብሎ ይችለዋል። የክሩ መክረርና መላላትም እንደ ጊታር ክር መቃኛ ነው። ከረር ሲል ቀለበቱ ጠብቦ ዘንጉን ያንቃል፣ ዮዮው ሳይተኛ ይመለሳል። ሲላላ ቀለበቱ ይሰፋል፣ ዮዮው ተኝቶ ይቀራል። በየውርወራው ክሩ ትንሽ ስለሚከር ወይም ስለሚላላ የእንጨት ዮዮ ተጫዋች በየመሃሉ ክሩን እያየ ያስተካክላል። ኩሽኔታ ያለውን የሚጫወት ሰው ይህን ሥራ የሚሠራው ክሩ ሲወሳሰብበት ነው፤ የእንጨቱ ተጫዋች ግን ዮዮውን የሚቃኘው በዚሁ ነው።

የዮዮው መተኛት በክብደት ላይ የቆመ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ጥሩ ገጠመኝ አለ። በሚያዝያ 1985 ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለሳይንስ ትምህርት የሚሆኑ መጫወቻዎችን ይዛ ወጣች፤ ከመካከላቸው አንዱ ዮዮ ነበር። ዮዮው ክሩን ይዞ ሄደ፣ ተመለሰም። መተኛት ግን አልቻለም። ወደ ታች የሚጎትተውና ክሩን ወጥሮ የሚይዝለት ክብደት ስላልነበረ ክሩ ሲያልቅ ነጥሮ ይመለሳል።

የእንጨቱ ጅማት ወዴት ይሂድ?

የቀደሙት የፊሊፒንስ ዮዮዎች ከአንድ ወጥ እንጨት ይቀረጹ ነበር፤ ሁለቱ ጎኖችና ዘንጉ አንድ አካል ናቸው። በቶርኖ ላይ አንድ ክብ እንጨት እየዞረ፣ መሮው መሃሉን እየበላ ይገባና ቀጭን አንገት ይተዋል። እይታው ደስ ይላል። ማጣበቂያ የለ፣ የሚላቀቅ ነገር የለ። ግን ሠሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ ከባድ ምርጫ አለበት፤ የእንጨቱ ጅማት በየት በኩል ይሂድ?

ጅማቱ በዘንጉ አቅጣጫ ከሄደ ዘንጉ ጠንካራ ይሆናል። ጎኖቹ ግን የግንዱ መቁረጫ ፊት ይሆናሉ፤ የዕድሜ ቀለበቶቹ የሚታዩበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ሲደርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ የመሰንጠቅ አመል አለው። ጅማቱ በጎኖቹ ላይ ተጋድሞ ከሄደ ደግሞ ጎኖቹ ውብና የማይሰነጠቁ ይሆናሉ፤ ዘንጉ ግን ጅማቱን አቋርጦ የተቆረጠ ስለሆነ እንደ ብስኩት ይቀነጠሳል። አንዱን ለማዳን ሌላውን መሠዋት ግድ ነው።

ባለ ሦስት ክፍሉ ዮዮ ይህን እንቆቅልሽ ፈታ። ሁለት ጎኖች ጅማታቸው ተጋድሞ ይዘጋጃሉ፤ ዘንጉ ጅማቱ በቁመቱ ከሚሄድ ሌላ እንጨት ለብቻው ይቆረጥና በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ በኮላ ይገባል። እያንዳንዱ ክፍል በሚጠነክርበት አቅጣጫ ተቀመጠ። ለፋብሪካም የሚመቸው ይኸው ነው። በ1946 የደንከን ድርጅት ዊስኮንሲን ውስጥ ወደምትገኝ ላክ ወደተባለች ትንሽ ከተማ የሄደው ጠንካራውን የሜፕል እንጨት ፍለጋ ነበር፤ ፋብሪካው በሰዓት 3,600 ዮዮ ያወጣ እንደነበር ይነገራል። የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ «ዕድል» ማለት ነው። ዕድሉ ለ20 ዓመት ያህል ብቻ መቆየቱ ግን የሚያሳዝን አጋጣሚ ነው።

ባለ ሦስት ክፍሉ የራሱን ደካማ ጎን ይዞ መጣ፤ ኮላውን። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ጠንካራው ሜፕል እርጥብ ከሆነበት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ ወደ 10 በመቶ፣ ከመሃል ወደ ውጭ ባለው አቅጣጫ ግን 5 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ በቁመቱ የሚታይ ለውጥ የለውም። እንግዲህ 57 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሜፕል ጎን ከዝናባማ ወር ወደ ደረቅ ወር ሲሻገር የእርጥበቱ መጠን በ4 በመቶ ቢቀንስ፣ በአንደኛው አቅጣጫ ወደ 0.8 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል፤ በሌላው የሚጠበው የዚያ ግማሽ ነው። ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል ማለት ነው። የዘንጉ ቀዳዳም አብሮ ቅርጹን ይለውጣል። ኮላው ይህን መሳብና መግፋት ዓመት ሙሉ ሲሸከም ከርሞ አንድ ቀን ይለቃል። የድሮ የእንጨት ዮዮ በውርወራ መሃል ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ጎን ወደ መስኮት፣ ሌላው ወደ ተጫዋቹ ቅልጥም ሲሄድ ያየ ሰው አይረሳውም።

እነዚህን ቁጥሮች ሳስብ በመሸጫ ገጾች ላይ ስለ እንጨት ዮዮ «በመቶኛ ሚሊሜትር ትክክለኛነት የተቆረጠ» ተብሎ ሲጻፍ ፈገግ እላለሁ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን እንዲያ ሊቆርጠው ይችላል። እንጨቱ ግን በሚቀጥለው ወር የራሱን ልክ ይመርጣል። አዋቂ ሠሪ የሚጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። እንጨቱ ሳይቆረጥ በፊት በሥራ ክፍሉ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ይቆይና ከአየሩ ጋር ይለማመዳል። ሁለቱ ጎኖች ከአንድ ጣውላ፣ ጎን ለጎን ከነበሩ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ሲያብጡም ሲኮማተሩም አብረው እንዲሄዱ ነው። ከዚያ ሁለቱ በትንሽ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ከበድ ካለ ከውስጠኛው ገጽ በቀጭኑ ይላጣል፤ ወይም ከተጠራቀሙት መካከል ሌላ ጓደኛ ይፈለግለታል።

ብሎን የገባበት ቀን

ፕላስቲክ የእንጨቱን ዮዮ ከገበያ ያስወጣበትን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቅርጽ ማውጫ የሚፈስሱ የፕላስቲክ ዮዮዎች እየበዙ መጡ። በ1965 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት «ዮዮ» የመጫወቻው የወል ስም እንጂ የአንድ ድርጅት የንግድ ምልክት አይደለም ብሎ ፈረደ። ደንከን በዚያው ዓመት ከሰረ፤ ስሙን በ1968 የገዛው የፕላስቲክ አምራች ነበር። ቃሉ ለሁሉም ነፃ በወጣበት ወቅት እንጨቱ ተረሳ።

የመለሰው የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም ነው። ቶም ኩን በ1978 «ኖ ጃይቭ» የተባለ የሜፕል ዮዮ አወጣ፤ ልዩ የሚያደርገው ተፈትቶ መገጠሙ ነው። ኮላ ቀረ። ዘንጉ ሲያልቅ ይለወጣል። ጎኖቹ ተገልብጠው ሊገጠሙ ስለሚችሉ አንዱ ዮዮ በሦስት ቅርጽ ይቀርባል። የተለመደው፣ ጠባብ ጠርዙ ወደ ውጭ የሆነው አለ። ክፍተቱ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄደው «ቢራቢሮ» አለ። አንዱ ጎን ብቻ ሲገለበጥ ደግሞ የፓጎዳ ጣራ የሚመስል ሦስተኛ ቅርጽ ይወጣል። ይኸው ሰው ክብደቱ 256 ፓውንድ፣ ማለትም 116 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ግዙፍ ኖ ጃይቭ ሠርቶ በክሬን አስወርውሮታል፤ ዛሬ በካሊፎርኒያ ቺኮ ከተማ ባለው የዮዮ ሙዚየም ይታያል። ጥርስ ሲሞላ የሚውል እጅ ለጥቃቅን ክፍተቶች መጨነቁ አይገርምም። 116 ኪሎውን ግን በሙያው ላስረዳው አልችልም።

የሚፈታው ዮዮ ከላይ ያየነውን የቀጭን ዘንግ ሂሳብም ለወጠው። ዛሬ በብዙ የእጅ ሥራ ዮዮዎች ላይ ጭነቱን የሚሸከመው መሃል ለመሃል የሚያልፍ የብረት ብሎን ነው፤ በላዩ ላይ እንደ እጅጌ የሚለበስ ቀዳዳማ የእንጨት ዘንግ ይደረግለታል። ጥንካሬው ከብረት፣ ከክሩ ጋር ያለው ንክኪ ከእንጨት። ሠሪው ከዚህ በኋላ ዘንጉን የሚመርጠው «ይሰበር ይሆን?» ብሎ በመፍራት ሳይሆን «ምን ዓይነት ጠባይ ይኑረው?» ብሎ ነው። ይህን ነፃነት ያገኙት ሰዎች ምን አደረጉበት? ሁሉም ወደ ቀጭኑ ይሮጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል።

ኩን ራሱ በ1990 ኩሽኔታ ያለው የአሉሚኒየም ዮዮ አወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ይታወቃል። ኩሽኔታው ትልቅ ሆነ፣ ክፍተቱ ሰፋ፣ ክብደቱ ወደ ጠርዝ ተገፋ። በመጨረሻም ዮዮው ሲጎተት የማይመለስ ሆነ፤ ለመመለስ ክሩን ሆን ብሎ አጥፎ ማነቅን የሚጠይቅ ሌላ ብልሃት አስፈለገ። ክሩ ዘንጉን ለቀቀው፣ ጨርሶም ለቀቀው። በላዩ የሚሠራው ትርዒት ዓይን ያፈዝዛል፤ ይህን የሚክድ የለም።

እንጨት በዚህ ውድድር ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሜፕል 0.7 ግራም ገደማ ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ይመዝናል። ተመሳሳይ ክብደት ሁሉ ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ፣ በሙሉ ገጹ ላይ እኩል ከተበተነው ይልቅ ለመቆም ሁለት እጥፍ ይግደረደራል። ብረት ሠሪ መሃሉን ፈልፍሎ ጠርዙን ያከብዳል። እንጨት ሠሪ ያንን ቢሞክር የቀረው ግድግዳ ሳስቶ ይሰነጠቃል። ጠርዙ ላይ የነሐስ ወይም የብረት ቀለበት የሚያስገቡ አሉ፤ ጥሩ የሚሠሩም ይገኙበታል። ይሁንና እንጨቱን የከረሜላ መጠቅለያ አድርጎ ሥራውን ሁሉ ለብረት መስጠት ለእኔ ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስ ነው።

መቆም እንደ ጨዋታ

አዲሱ ነገር የመጣው ከሠሪዎቹ በፊት ከተጫዋቾቹ ነው። ቋሚ ዘንግን መልሰው ያነሱ ተጫዋቾች ሲሽከረከር ከሚቆየው ዮዮ ጋር መፎካከሩን ተዉና የእንጨቱን ጉድለት ራሱን መጫወቻ አደረጉት። ዮዮው እየተመለሰ ሳለ ክሩ በዘንጉ ላይ ይታጠፋል፤ ሰበቃው ይይዘዋል፤ ዮዮው በአየር ላይ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት ይገለበጥና በተቃራኒው አቅጣጫ መሽከርከር ይጀምራል። ደግሞ ይቆማል፣ ደግሞ ይገለበጣል። እንዲህ እየተቀጣጠለ የሚሄድ ጨዋታ ነው። ሲጎተት በማይመለሰው ባለ ኩሽኔታ ዮዮ ይህን መሥራት እጅግ ይከብዳል፤ የሚይዘው ነገር የለምና።

ጨዋታው ሲለወጥ ንድፉ ተከተለ። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ረጅም መተኛት እምብዛም አያስፈልግም፤ 10 ሰከንድ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የሚያስፈልገው ክሩን በእርግጠኝነት የሚይዝ ዘንግ፣ ሲገለበጥ ክሩን የሚቀበል ሰፊ የቢራቢሮ አፍ እና እጅ ላይ ሲያርፍ የማይጎዳ ለስላሳ ጠርዝ ነው። ለ100 ዓመት ያህል ዘንጉን ለማቅጠን ሲታገል የኖረ ሙያ አሁን «ወፈር ይበል» ማለት ጀመረ። በጎኖቹ ውስጠኛ ገጽ ላይም እንዲሁ። ብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ አይመታውም፤ ክሩ የሚታከክበት ትንሽ ሸካራነት ይተውለታል። ቫርኒሽ ከውጭ ብቻ ነው፤ ዘንጉን ከነካው ሲግል ይለሰልስና ክሩን ያጣብቃል።

በዚህ ሁሉ መሃል የማይዋጥልኝ አንድ ዝንባሌ አለ። ፎቶ ላይ ለማማር ሲባል ጉብጉብ ካለው የግንድ እጢ የሚወጣው ጥምዝምዝ እንጨት ተፈላጊ ሆኗል። ጅማቱ በየአቅጣጫው ስለሚጠማዘዝ፣ ጥግግቱም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሚዛኑን ማስተካከል ፈተና ነው፤ ተወርውሮ ሲተኛ በክሩ በኩል ንዝረቱ ጣት ላይ ይሰማል። ብዙዎቹ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ስለሆኑ ማንም አይማረርም። ከሮዝውድ ዝርያዎች የሚሠሩትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ የዚያ ወገን ዛፎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብተዋል። በኋላ ለትንንሽ የተጠናቀቁ ዕቃዎች ደንቡ ቢላላም፣ ጣውላውን ድንበር አሻግሮ ማስመጣት አሁንም ወረቀት ይጠይቃል። ተራው ሜፕል ግን ቀጥ ያለ ጅማት አለው፣ ከባድ ነው፣ አይታመምም። ሙያውን የሚያውቁት ደጋግመው ወደ እርሱ የሚመለሱት ስለቸገራቸው አይደለም።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የሜፕል ዮዮ ሲገዛ ዘንጉ እንደ አዲስ ክብሪት እንጨት ነጭ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክሩን ያዝ እያደረገ አስቸገረኝ፤ ጥቂት መቶ ውርወራ ካለፈ በኋላ ገባው። አሁን ክሩን አውጥቼ ጎኖቹን ስፈታቸው የዘንጉ መሃል ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያብረቀርቃል። በጣት ጥፍር ሲዳሰስ የምትታወቅ ጎድጓዳ መስመርም ወጥቶለታል፤ ክሩ የሚያርፈው ሁልጊዜ እዚያች ላይ ነው። ያንን የሚያህል እንጨት የጥጥ ክር በልቶታል። ሠሪው በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ትርፍ ዘንጎች አስቀምጦልኛል። እስካሁን አልነካኋቸውም።